የተሸሸገ ጥፍር

ኡትሬክት፣ ሆላንድ
መስከረም 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣ ለእትዬ ዘይቱ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በባለቤትዎ በአባመጫ፣ በልጅዎ በካሊድና በግቢያችሁ ሁሉ ላይ ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የእናንተ ናፍቆትና የዚህ አገር ንፋስ ካልሆነ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም።

እናቴ በሕይወት ሳለች «ዘይቱ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ለእኔ ግን ከእናቴ ልጅ ትበልጥብኛለች» ትል ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ሚዛን ከተማ ውስጥ የእኔ የምለው ቤት የእርስዎ ቤት ነው። በስልክ ለማውራት ብሞክርም አልሆነልኝም። ኔትወርክ ሲገኝ ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም «እንዴት ነሽ? ብርዱስ?» ይለኛል፤ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ይቋረጣል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልጻፍልዎ አልኩ። ወረቀት ሲሆን የሚያነበው አንድ ሰው ነው።

የምሥራች አለኝ። ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። እዚህ አገር እያንዳንዱ ሰው የታወቀ የቤተሰብ ሐኪም አለው፤ ጉንፋን ቢይዘው፣ ወገቡን ቢያመው፣ እንቅልፍ ቢያጣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ስልክ አነሣለሁ፣ የደም ግፊት እለካለሁ፣ ቁስል በፋሻ አስራለሁ። ሐኪሟ ዶክተር ሃኔከ ይባላሉ። «ሃኔከ ብቻ በይኝ» ይሉኛል፤ የእናቴ እኩያ ናቸውና አፌ እምቢ አለኝ።

አክስቴ፣ ካሊድ ምግብ ቤትዎን እንደዘጉ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ያለ እርስዎ ፉልና ጨጨብሳ የሚዛንን መናኸሪያ ማሰብ አልቻልኩም። ከቴፒም ከማጂም የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ቁርሱን የሚበላው እርስዎ ዘንድ አልነበረም እንዴ? ምን ገጠመዎት? ደህና ነዎት?

መልስዎን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ላምያ


ሚዛን
ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለላምያ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የእናትሽን የእጅ ጽሑፍ ያየሁ መስሎኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ለ»ን እንደሷ ታጋድሚያታለሽ። አላህ እሷን በጀነት፣ አንቺን በሥራሽ ያኑርልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባመጫ ቡናውን እያስለቀመ ነው። ካሊድ ከሚዛን ቴፒ ሚኒባስ ይነዳል፤ እንደምታውቂው መንገዱ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይገኝም።

ስለ ምግብ ቤቱ ያልሽው፣ ጉልበቴን አሞኝ ነው። ቆሜ መዋል አቃተኝ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። ለካሊድ ቴፒ ላይ ልጅ አይተንለታል፤ ዩስራ ትባላለች። ቤተሰቦቿ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ የተከበሩና ወግ የሚያውቁ ሰዎች። ሽማግሌ ልከን እሺ ብለውናል። እናቷ ቤታችንን ለማየት ትመጣለች ይባላል፤ ቀኑ ግን አልታወቀም።

ሰው ወደዚህ ሲመጣ ካገኘሽ አንድ ነገር ላኪልኝ። ጓንት እፈልጋለሁ። ያ የሐኪሞች ስሱ ላስቲክ አይደለም፤ ጨርቅ የሆነ፣ ጣትን እስከ ጫፍ የሚሸፍን። ዘንድሮ ዝናቡ ብርድ ሆኖብኛል። እንዲሁም ጫማ፣ ፊቱ ድፍን የሆነ፤ ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነው። ነጠላ ጫማ ላኪልኝ አላልኩም፤ አደራ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ።

አክስትሽ ዘይቱ


ኡትሬክት
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከበረዶው አገር ይድረስዎ። ለካሊድ እንኳን ደስ አላችሁ! የዩስራን ፎቶ ላከልኝ፤ ዓይኖቿ ሳቂታ ናቸው፤ እሱ ዝምተኛ ነውና ትመጥነዋለች።

ጓንቱንና ጫማውን ወደ አዲስ አበባ በምትሄድ ጓደኛዬ እጅ ልኬያለሁ። ቤተሰቦቿ ለካሊድ ያደርሱለታል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የዩስራ እናት ሲመጡ አምረው እንዲቀበሏቸው ብዬ የጥፍር ቀለምም ጨምሬበታለሁ፤ እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ ያለ ነው። ስለ ሚዛን ብርድ ግን አሳቁኝ! እኔ የማውቀው ሚዛን ላብ እንጂ ብርድ አልነበረውም።

ሰሞኑን ክሊኒካችን አንድ ያልተለመደ ሥራ ጀምሯል። ዶክተር ሃኔከ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ሆነው የጥፍር ፈንገስ በሕመምተኛው ዘንድ ምን ያህል እንደተስፋፋ ማወቅ ፈለጉ። እና በምንም ምክንያት የመጣውን ሁሉ «ፈቃድዎ ከሆነ ጫማዎን ያውልቁልን፣ እጅዎንም ያሳዩን» እንላለን። ጫማ የማስወልቀው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ አፍሬ ነበር። አሁን ግን ከሥራዬ ሁሉ የምወደው እሱን ሆኗል። አንድ ሽማግሌ ለሳል መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። ካልሲያቸውን ሲያወልቁ የአውራ ጣታቸው ጥፍር እንደ ቀንድ ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ጫፉ ይፈረፈራል። «ለሐኪም ነግረው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ለሚስቴም አልነገርኩም» አሉኝ። አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ደግሞ ዋና ትወድ ነበር፤ በእግሯ ጥፍር የተነሣ መዋኘት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ለአንገት ሕመም ነበር የመጣችው። ብቻ ከሚመጡት ውስጥ ስንቱ እንዲህ እንደሆነ ቢያዩ ይገረማሉ። ሁሉም «በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ያስባል።

አሰለቸሁዎት መሰለኝ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?

ልጅዎ ላምያ


ሚዛን
መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለላምያ፤

ረመዳን ከሪም። ጫማውና ጓንቱ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ቀለሙን ግን ለሰፈር ልጆች ሰጠሁት። ቀለም የተቀባ ጥፍር ውሃ ስለማያስገባ ለሶላት የምንታጠበው ውዱእ አይሆንም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ አገሩ አስረስቶሽ ይሆናል።

ስለዚያ ስለ ክሊኒካችሁ ሥራ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የማውቃት አንዲት ሴት አለች። የእሷ ጥፍር እንደነገርሽኝ ሽማግሌ ዓይነት ነው፤ ግን የእግሯ ብቻ አይደለም፣ የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጭምር ነው። ሰው ሥጋ ደዌ ነው ይላል። የእናንተ ሰዎችስ እጃቸው ላይ አለ? ጣታቸው ይቆረጣል? ወደ ልጅ ይተላለፋል? ልጇን ለመዳር ያሰበች ሴት ናትና ትጨነቃለች።

ጓንቱ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይረጥባል እንጂ። ከቻልሽ ሌላ ሁለት ጨምሪልኝ።

ኢፍጣር ደረሰ፤ እዚህ ላይ ላብቃ።

ዘይቱ


ኡትሬክት
ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ዒድ ሙባረክ። ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ።

ለዚያች ሴት መልሴ ይኸው። ከሩቅ ሆኖ «ይህ ነው» ማለት አይቻልም፤ ጥፍርን የሚያበላሽ ሌላም በሽታ አለ፤ ስለዚህ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ነገር ግን የነገሩኝ ምልክት ዕለት ዕለት የማየው ነው። እጅም ላይ ይወጣል፤ በተለይ እጃቸው ከውሃ በማይወጣ ሴቶች ላይ። ጣት አይቆርጥም። ከእናት ወደ ልጅ በደም አይተላለፍም። ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው፤ ይህ ግን እሱ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ልንገርዎ። ዶክተር ሃኔከ አንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ «የሰውን እግር ስናይ ከረምን፤ የራሳችንንስ?» አሉና ጫማቸውን አወለቁ። እሳቸው ንጹሕ ናቸው። እኔ ግን ተራዬ ሲደርስ ወንበሩ ላይ እንደተጣበቅኩ ቀረሁ። አክስቴ፣ የግራ እግሬ ትንሿ ጣትና አውራ ጣቴ ከሁለት ዓመት በላይ ቢጫ ናቸው። ስንቱን ሰው «አይፈሩ፣ ብዙ ሰው አለበት» እያልኩ ሳስወልቅ እኔ በቤቴ ውስጥ እንኳ ካልሲ አላወልቅም ነበር። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ ያዩት ዶክተሯ ናቸው፤ ሁለተኛ የነገርኩት ለእርስዎ ነው።

ጓንት እልካለሁ። ግን ካሊድ በስልክ «እማ ከእኔ ጋር መብላት ከተወች ቆየች» አለኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኩም። እርስዎም ካልፈለጉ ምንም አይመልሱልኝ። ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ላምያ


ኡትሬክት
ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ዓረፋ አለፈ፤ ደብዳቤ አልመጣም። ካሊድን ብጠይቀው «ደህና ናት» ብቻ ይለኛል። ያልሆነ ነገር ጽፌ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ላምያ


ሚዛን
ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለእኅቴ ልጅ፣ ለላምያ፤

ሰላምና ጤና፣ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ። እንዲህ ብሎ መመረቅ ልማዳችን ነው፤ እኔና አንቺ ግን ዛሬ ከልባችን «አሚን» እንበል።

አላስቀየምሽኝም። ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ይከብደኝ ነበር። የማውቃት ሴት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይህንንማ አንቺ ቀድመሽ ሳታውቂ አልቀረሽም።

ነገሩ የጀመረው ከእግሬ ነው። የምግብ ቤቱ ጓዳ ወለል ቀኑን ሙሉ ውሃ ነው፤ ከላይ ዝናብ፣ ከታች እጣቢ። የላስቲክ ጫማዬን ጠዋት አጥልቄ ማታ አወልቃለሁ። ጥፍሬ ሲወፍር እርጅና መሰለኝ። በኋላ ወደ እጄ መጣ። አውራ ጣቴ ጠቆረ፣ ሥሩ ለቀቀ። ጨጨብሳ በምን እንደሚቆረስ ታውቂያለሽ፤ በእጅ ነው፤ ሰው ፊት ነው።

አንድ ቀን ከማጂ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሳህኑን ሳቀርብለት ዓይኑ ጣቴ ላይ አረፈ። አንድ ጉርሻም አልበላ። ተነሣ፣ የምግቡን ዋጋ ከፍሎ ወጣ። ስድብ እንኳ አልወጣውም። በማግስቱ ሁለት ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። በሳምንቱ ጎረቤቴ መጥታ በጆሮዬ «ዘይቱ፣ ሰው ሥጋ ደዌ ያዛት እያለ ነው፤ ልጅሽን ሳትድሪ እንዳትቀሪ ዝጊው» አለችኝ። እኔም ዘጋሁት። ጉልበቴ ድንጋይ ነው፤ ምንም አላመመኝም።

ከዚያማ ያላደረግኩት የለም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አሰርኩበት። አንዱ የመኪና ባትሪ ውሃ ይገድለዋል አለኝ፤ ጠብ አደረግኩበት። ጥፍሩ ቀርቶ ሥጋዬ ተቃጠለ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ትሪ ሲቀርብ «ሆዴን አሞኛል» እያልኩ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን በላሁ።  አንድ ቀን አባመጫ የራሱን ሳህን ይዞ ጓዳ ገባና «እኔንም ሆዴን አሞኛል» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ተለይቶ በልቶ አያውቅም። አንድም ቀን «ጣትሽ ምን ሆነ?» አላለኝም። እኔም አልነገርኩት። ሰው ከአንድ ሰው ጋር ስንት ዘመን ኖሮ ስለ አንድ ጥፍር መነጋገር እንዴት ያቅተዋል?

የአንቺን ደብዳቤ ያነበብኩት እዚያው ጓዳ ነው። «እኔ ግን ወንበሩ ላይ ተጣበቅኩ» ያልሽውን ደግሜ አነበብኩት። የሐኪም ቤት ልጅ፣ ሰው ሁሉ ጫማ የሚያወልቅላት፣ እሷም! ወረቀቱን አጥፌ «አባመጫ፣ አማን ክሊኒክ ውሰደኝ» አልኩት።  ዣንጥላውን አነሣ።

አማን ያለው ክሊኒክ ውስጥ ናስረዲን የሚባል ወጣት ጤና መኮንን አለ፤ የጅማ ልጅ ነው። ጓንቱን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

«ምን ላግዝዎት እናቴ?»

«ጉልበቴን ነው» አልኩት።

አባመጫ ከኋላዬ ሆኖ «ጓንቱን አውልቂ ዘይቱ» አለ። ምግብ ቤቱን ከዘጋሁበት ቀን ጀምሮ ስለ እጄ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

አወለቅኩ። ናስረዲን ፊቱን አላጨማደደም። እጄን እንደ ዳቦ በእጁ ይዞ አገላበጠው። የእጄንና የፊቴን ቆዳ በጥጥ እየነካ «ይሰማዎታል?» እያለ ጠየቀኝ። ሁሉም ይሰማኛል። «ሥጋ ደዌ ነው የሚሉዎት ሰዎች አላወቁም፤ ምልክቱን አላየሁብዎትም» አለኝ። ከጥፍሬ ሥር ጥቂት ፋቀና በማይክሮስኮፕ አየው፤ ፈንገስ ነው። ጓንቱን ጣይው አለኝ፤ ለካ እርጥቡን ጓንት ማድረጌ ነገሩን ሲያባብሰው ኖሯል። ስለዚህ ሌላ ጓንት እንዳትልኪ። ኪኒን ከመስጠቱ በፊት ደሜን መርምሮ ጉበቴ ደህና መሆኑን አየ። ኪኒኑ ቢያልቅም ጥፍር የሚያድገው እንደ ቡና ችግኝ ቀስ ብሎ ነው፣ የእግሩማ ዓመት ያልፈዋል፣ ምናልባትም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል ብሎ ሳይሸሽግ ነገረኝ።

አሁን ግን ጭንቅ አለብኝ። የዩስራ እናት መስከረም ላይ እንደምትመጣ ተልኮብናል። ጥፍሬ ገና ሥሩ ላይ ብቻ ነው የነጣው። ወሬው ቴፒ ሳይደርስ አይቀርም። ነግሬያት ልቅደም ወይስ ሳታየው እንድትሄድ እጄን በሻሽ ልጠቅልል? ካሊድ አያውቅም። ልጅቱን በእኔ ጣት ምክንያት ቢያጣት ምን እላለሁ? ምከሪኝ። ቶሎ ጻፊ።

አክስትሽ ዘይቱ


ኡትሬክት
መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ፣ አሁን ደግሞ ለምኮራብዎ አክስቴ፤

እንኳን አደረስዎ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። አባመጫ ሳህናቸውን ይዘው ጓዳ የገቡበት ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አቆማለሁ።

ለዩስራ እናት ምን እንደሚሉ እኔ ልመክርዎ አልደፍርም፤ ወጉን እርስዎ ያውቃሉ። የክሊኒካችንን ውጤት ግን ልንገርዎ። ቆጠራው አልቋል። ለላብራቶሪ ሄዶ የተረጋገጠውን ብቻ ብንይዝ እንኳ በእኛ ክሊኒክ ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ የጥፍር ፈንገስ አለበት። ዕድሜው በገፋው ላይ ከዚያም ይበልጣል። አብዛኞቹ ለሐኪም ተናግረው አያውቁም። በዓይን ሲታይ ፈንገስ መስሎን በምርመራ ሌላ የሆነም ጥቂት አይደለም፤ ናስረዲን ፍቆ ማየቱ ትክክል ነው። ዶክተር ሃኔከ ወረቀቱን ሲያነቡ «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሳል ሳዳምጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን አላየሁም» አሉ።

እኔም የሚቀባ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ቤቴ ውስጥ ያለ ካልሲ እሄዳለሁ። ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ደስ ይላል።

ይህ ደብዳቤ እንግዳዋ ከመምጣታቸው በፊት እንዲደርስ ዱዓ አደርጋለሁ።

ልጅዎ ላምያ


ሚዛን
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለላምያ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽ የደረሰው እንግዳዋ መጥታ ከሄደች በኋላ ነው። ስለዚህ ምክር ሳላገኝ የራሴን አደረግኩ። መዘግየቴን ይቅር በይኝ፤ ሰርግ ነበረብን። አዎ፣ ሰርግ!

የዩስራ እናት ስትመጣ ሻሹን እጄ ላይ ጠቅልዬ ነበር። ሳሎን ተቀመጥን፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ አወራን። ዓይኗ ከሻሹ አልወጣም። ያኔ የሰማች መሆኗ ገባኝ። ካሊድም በሩ ላይ ቆሟል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሻሹን ፈትቼ እጄን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት።

«እህቴ፣ የሰማሽው ይህንን ነው። ፈንገስ ነው፤ ተመርምሬያለሁ፤ መድኃኒት ወስጃለሁ። ደብቄሽ ልጅሽን ወደ ቤቴ ባስገባት አላህ ይጠይቀኛል። ከዚህ በኋላ ያንቺ ፈንታ ነው።»

 ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ? «ይህማ የባሌ እግር ነው!» ከት ብላ ሳቀች። «ስንት ዘመን እርጅና ነው እያለ ሲያታልለኝ! ሰዎቹ ሥጋ ደዌ ሲሉኝ ጋብቻውን ለማፍረስ ቆርጬ ነው የመጣሁት፤ አልዋሽሽም። ሐኪሙ ማነው? ባሌንም ይዤው ልመጣ ነው።» ካሊድ በሩን ይዞ ሲስቅ አየሁት። ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ ብሎ «እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ አለቀሰ። ያን ቀን ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ዩስራ አሁን እኛ ዘንድ ናት፤ እንዳልሽው ሳቂታ ናት፤ ዝምተኛውንም አስለፍልፋዋለች።

እጄ ድኗል። የአውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ጫፉ ወጥቷል፤ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። የእግሬ ትልቁ ጥፍር ገና ግማሹ ቢጫ ነው፤ ናስረዲን እንደፈራው ይመስላል። እኔና ጥፍሬ አብረን ልንኖር ተስማምተናል። ምግብ ቤቱን ከፍቼዋለሁ። አንዳንዱ የድሮ ደንበኛ አልተመለሰም፤ አልጠብቀውም። ወለሉን አስጠግኜ ውሃው እንዲሄድ አድርጌያለሁ፤ እግሬን አደርቃለሁ።

የመጨረሻውን ልንገርሽና ላብቃ። የአንቺንና የዶክተር ሃኔከን ቆጠራ ለናስረዲን አነበብኩለት። ከዚያ ወዲህ ለወባም ለሳልም የመጣውን ሁሉ እጅና እግር ማየት ጀመረ። ብዙ አገኘ። ግን ከቡና ማጠቢያው የሚመጡት ሴቶች እምቢ አሉት። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመው የሚውሉ ናቸው፤ ከእነሱ በላይ ማን ይኖርበታል? ወንድ ነው፣ ወጣት ነው፤ የጎማ ቦት ጫማቸውን ለእሱ አያወልቁም። «እትዬ ዘይቱ፣ በገበያ ቀን መጥተው ቢቀመጡልኝ» አለኝ። «ምን ላደርግ?» ብለው ራሱም አያውቅም።

ሄድኩ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሴቶች ተደርድረዋል፤ አንዷ ራሴን ትላለች፣ አንዷ ወገቤን። ናስረዲን «ጫማ» ሲል ሁሉም እግሯን ወደ ኋላ ትስባለች። ንጋቷ የምትባል የሸኮ ልጅ አለች፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ከሁሉም ፊት ተቀምጣለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ንግግር አላዘጋጀሁም ነበር። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ካልሲዬን አወለቅኩ፣ ያንን ግማሽ ቢጫ ጥፍሬን በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋሁት።

ንጋቷ ጣቴን አየችው። ቀጥላ ፊቴን አየች።

«አንቺም?» አለች።

«እኔም» አልኳት።

ቦቷን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው አየቻት፤ እሷም ጎንበስ አለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጎማ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ እስከ በሩ ድረስ። ናስረዲን ቆሞ አየንና ተጨማሪ ወንበር ፍለጋ ወጣ።

አላህ እግርሽን ከእሾህ፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይሰውርልሽ። ዩስራና አባመጫ ሰላም ብለውሻል።

አክስትሽ ዘይቱ